በአረንጓዴ ጣሪያ ሥር የተራቡ ቡናዎች

ነቀምቴ ውስጥ፣ ጨለለቂ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ቁራሽ መሬት አለች። ስፋቷ ይህን ያህል አይደለም፤ ሁለት ላሞች ቢታሰሩባት ሦስተኛዋ ቆማ ታድራለች። ግን ልጆቼ፣ አስፋልት ዳር ያለች መሬት ትንሽ ተብላ አታውቅም። አላፊ አግዳሚው በዓይኑ ሲለካት ነው የሚውለው።

ይህችን መሬት ቀበሌው ለአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ሰጠ፤ የቡና ችግኝ እንዲያፈሉባት። መስጠቱ ግን እንደ አክስት ስጦታ አልነበረም። "ክረምት ሲገባ ባለሙያ መጥቶ ያያል። ለተከላ የደረሰ ችግኝ ካገኘ መሬቷ በእጃችሁ ትቀጥላለች። ካላገኘ ለሌላ አልሚ ትሰጣለች" አላቸው። ሌላው አልሚ ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ኦቦ ጉደታ ነው። ጉደታ እዚያች ቦታ ላቫጆ ከፍቶ መኪና ማጠብ ይፈልጋል። መፈለግ ብቻ አይደለም፣ ሜትሩን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ኢቢሴ ትባላለች። አብረዋት ያሉት ሴቶች ትናንት በቆሎ እሸት ጠብሰው መንገድ ዳር የሚሸጡ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ምድጃቸውን ጥለው የሚሮጡ ነበሩ። ይህች ቦታ ሳይባረሩ የተቀመጡባት የመጀመሪያዋ ናት። ኢቢሴ ማታ ስትጸልይ ሌላውን ሁሉ በጥቅሉ አልፋ፣ ስለዚህች ቁራሽ መሬት ግን ለእግዚአብሔር ዝርዝር ታቀርብለታለች።

ጉደታ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ብቅ ይላል።

"አካም ቡልቴ ኢቢሴ! ችግኞቹ እንዴት አደሩ?"

"ነጋ፣ ሰላም ነው! ደህና አደሩ። አንተስ?"

"እኔማ የውሃ ቱቦው በየት በኩል ቢገባ ይሻላል እያልኩ ሳስብ አደርኩ።"

"አስብ፤ ማሰብ አልተከለከለም" ትለዋለች።

ችግኞቹ መጀመሪያ ላይ ሸጋ ነበሩ። ሴቶቹ በቀርከሃ ላይ ሣር በትነው ዳስ ሠሩላቸው። ቡና በልጅነቱ ጥላ ይወዳል፤ ግን ጨለማ አይወድም። ፀሐይዋ በሣሩ ቀዳዳ፣ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት፣ ጠብ ጠብ እያለች ትወርድላቸው ነበር። እንዲህ ሆኖ ቢቀር ኖሮ እኔም የምነግራችሁ ባልኖረኝ።

ግን ኦቦ ፈየራ መጡ።

ፈየራ የአጥቢያዋ የልማት ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ልማት ይወዳሉ፤ በተለይ ፎቶ የሚነሳውን። ዳሱን አዩና ፊታቸው ኮስተር አለ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ አዴ ኢቢሴ? የጥጃ ማሰሪያ ነው? አስፋልት ዳር ነን እኮ! ሰው ያየናል!"

"ቡናዎቹ ወደውታል፣ ኦቦ።"

"ቡና ምን ያውቃል!" አሉና በሳምንቱ ስብሰባ ጠሩ። ሐሳባቸውም ይህ ነበር፦ ሣሩ ይነሳ፤ በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ይደረግ፤ ዙሪያውም በአረንጓዴ ሸራ ይሸፈን። ምክንያት ሲጠየቁ ሣቁ፤ ነገሩ ግልጽ ነዋ። "ተክል ምን ዓይነት ነው? አረንጓዴ። አረንጓዴ ላይ አረንጓዴ ሲጨመርበትስ? አረንጓዴው ይበዛል!"

ቤቱ በዚህ ስሌት ተደመመ። ቢሆንም ፈየራ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ለሳይንሱም ዕድል ሰጡት። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የሚያስተምር ጫንያለው የሚባል ወጣት ነበረ። ከቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ ተከራይቶ ስለሚኖር ብቻ ለማንኛውም ስብሰባ "ምሁር" ሆኖ ይጠራል። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም ነበር።

"መምህር፣ እስቲ ሳይንሱ ምን ይላል?"

ጫንያለው ተነሳ። "ክሎሮፊል አረንጓዴ ነው" አለና ቁጭ አለ።

"ሃሌ ሉያ!" አለ ቤቱ።

ውሸት አልተናገረም፤ ክሎሮፊል አረንጓዴ ነው። የቀረውን ግን ከምሳው ጋር አብሮ አዘገየው።

ጣሪያው ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳ። በፎቶው ላይ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ከዚያ ጣሪያ ሥር ቆመው ፊታቸው አረንጓዴ ሆኖ፣ ጥሬ ጎመን በልቶ የታመመ ጉባኤ ይመስሉ ነበር። ፈየራ ግን ፎቶውን በቴሌግራም ለቀቁት፤ "ዘመናዊ" የሚል ጽፈውበት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ችግኞቹ ወደ አዲሱ ቤት ሲዛወሩ ኮሚቴው ምርጫ አደረገ። አጫጭሮቹና አንገታቸው የጎበጠው ለዘመናዊ ጣሪያ አይመጥኑም ተብለው "ይጣሉ" ተባለ። ኢቢሴ መጣል አልሆነላትም። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ አሮጌው አቮካዶ ሥር ወስዳ፣ ከፈረሰው ዳስ የተረፈውን ሣር በአራት እንጨት ላይ ጣል አደረገችላቸውና ውሃ ስታጠጣ ከሞላው ላይ እየቀነሰች ታደርስላቸው ጀመር። ከጉባኤ እንደተባረረ ሰው፣ ስማቸው ሳይነሳ እዚያው ኖሩ።

ወራት አለፉ። የጣሪያው ሥር ችግኞች ቁመታቸው ጨመረ፤ ግን እንደ ክር ቀጠኑ። ቅጠላቸው ፈዘዘ፤ ያረጀ ወረቀት መሰለ። ኢቢሴ ደነገጠች።

"ኦቦ ፈየራ፣ እየገረጡብኝ ነው እኮ።"

"ቁመታቸውን አላየሽም? ወደ ላይ! ዕድገት ማለት ይሄ ነው።"

"ራሳቸውን መሸከም አቅቷቸዋል።"

"ትሕትና ነው" አሉ ፈየራ። ነገሩ ግን ሳያሳስባቸው አልቀረም። መፍትሔም አላጡም፤ ጣሪያው ላይ ሁለተኛ አረንጓዴ ሸራ ደረቡበት።

ጉደታ ያን ሰሞን ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ይዞ መምጣት ጀመረ።

ኢቢሴ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫንያለውን መንገድ ላይ ያዘችው። "ና፣ እይልኝ" ብላ ጎትታ አስገባችው። እሱም ቅጠሉን አገላበጠ፣ ግንዱን ዳሰሰ። እሷ ደግሞ ያበሳጫትን ሁሉ ዘረገፈችው።

"ኧረ እዚህ ቤት ችግኝ ብቻ አይደለም የሚበላሸው! ይሄ ሻሼ ቀይ ነው፣ አይደል? ውጭ ቀይ ነው። እዚህ ስገባ ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ለብሼ ለቅሶ የመጣሁ እየመሰለኝ ነው።"

ጫንያለው ሻሿን አየ። እሷን ይዞ ወጣና ቀይ ሆኖ አየው። መልሶ አስገባት፤ ጠቁሯል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስወጣትና ሲያስገባት ኢቢሴ መምህሩ አንድ ነገር እንደሆነ ጠረጠረች።

"ምን ሆንክ?"

"አዴ ኢቢሴ፣ እዚህ ውስጥ ቀይ ብርሃን የለም" አለ።

"ታዲያ ምን ይደረግ?"

"ቅጠል የሚበላው እሱን ነው!"

አስቀምጣ አስረዳኝ አለችው። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁሉም ቀለም አለ አላት፤ ቀስተ ደመና ላይ እንደሚታየው። ቅጠል ከዚያ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቀዩንና ሰማያዊውን ይይዛል። አረንጓዴው ብዙም አይጥመውም፤ አብዝቶ የሚመልሰውም እሱን ነው። እኛ "አረንጓዴ ነው" የምንለው የመለሰውን አይተን ነው። ይህ ጣሪያ ደግሞ የሚበላውን ሁሉ በር ላይ አስቀርቶ የማይጥመውን ብቻ ያስገባል።

 ኢቢሴ ቀስ ብላ ተናገረች።

"እንግዳ ቤትህ መጥቶ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ገፍቶ የተወውን ወጥ አይተህ፣ 'ይሄንንማ ይወዳል' ብለህ በማግስቱ እሱኑ ብቻ ሠርተህ አቀረብክለት በለኛ!"

"እንደዚያ ነው።"

"ያውም ድርብ አድርገህ!"

"ሁለተኛውን እንኳ እኔ አላልኩም። የመጀመሪያውም ቢሆን፣ እኔ ያልኩት ክሎሮፊል አረንጓዴ ነው ነው። ውሸት ነው?"

"እውነት ነው። በእውነትህ ቡናዬን ልትጨርሰው ነው" አለችው። ፊቱ ሲከፋ አይታ ግን ራራችለት። "ተው እሺ፣ አታልቅስብኝ። ብርሃኑን ይዞ ምን ያደርገዋል? ብርሃን እንዴት ይበላል?"

"አረንጓዴው ቀለም ብርሃኑን ሲይዝ ጉልበት ያገኛል። በዚያ ጉልበት ሥሩ ያመጣለትን ውሃ ይሰነጥቃል። ከውሃው የሚወጣውን ኦክስጅን ለእኛ ይለቅልናል፤ የምንተነፍሰውን። ጉልበቱን ደግሞ ከአየር በሚያስገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አውሎ ስኳር ይሠራል። በቀን የተረፈውን ስታርች አድርጎ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያስቀምጣል።"

"ጎተራ አለው በለኝ።"

"ጎተራ አለው። የዚህ ቤት ችግኞች ጎተራ ግን ባዶ ሳይሆን አይቀርም።"

ነገሩ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ፈየራ ሰምተው ሲያበቁ ተነሡ። ጣሪያው ተመርቋል፤ ጸሎት ተደርጎበታል፤ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። የተመረቀ ነገር እንዴት ይፈርሳል? ኢቢሴ ከሽንት ቤት ጀርባ ያሉትን ችግኞች አምጥታ አሳየች፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ።

"እሱማ የሽንት ቤቱ ሥራ ነው" አሉ ፈየራ። "ማዳበሪያ አግኝተው ነው። እኔ የምፈልገው በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው።"

"አሳያለሁ" አለ ጫንያለው፤ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን በልቶ መጥቶ ነበር። "ቅጠል ላይ አዮዲን ሲንጠባጠብበት፣ ጎተራው ውስጥ ምግብ ካለ ይጠቁራል። ከሌለ አይጠቁርም። ብቻ ለውጡ እንዲታይ መጀመሪያ አረንጓዴው ቀለም መውጣት አለበት። በአልኮል ይቀቀላል።"

ቤቱ በሙሉ ወደ ፈየራ ዞረ።

"በምን?" አሉ ፈየራ።

"በአልኮል።"

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ያለው አልኮል ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻ ነበር። ፋርማሲ ሲጠየቅ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ የእጅ ማጽጃ አወጡ። የቀረው አረቄ ነው። ማን ይግዛ? ጫንያለው "የተማሪ ወላጅ ያየኛል" አለ። ፈየራ ጥያቄው እሳቸውን እንደማይመለከት ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ሁሉም ዞሮ ኢቢሴን አየ።

ይህቺ ኢቢሴ እኮ በሴቶች ጸሎት ላይ አረቄን ስታወግዝ መድረኩ የሚንቀጠቀጥላት ናት! አንዴ ካስተማረች የባኬ ጃማ ሰፈር አረቄ ሻጮች ሳምንቱን ሙሉ ገበያ ያጣሉ ይባል ነበር። አሁን ግን መሬቷን አሰበች። ሴቶቹ እንደገና ምድጃ ጥለው ሲሮጡ ታያት። ተነሣች፣ ዘንቢሏን አነሣች፣ ባኬ ጃማ ወረደች።

ሸዋጌጥ ከሸዋ መጥታ እዚያው ያረጀች፣ አረቄዋ የተመሰከረላት ሴት ናት። ኢቢሴን በሯ ላይ ስታያት ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች።

"አዴ ኢቢሴ! ልትሰብኪኝ ነው? ግቢ፤ ዛሬ ሰው የለም፣ የምመለሰው እኔ ብቻ ነኝ።"

"አይ… አረቄ ፈልጌ ነው።"

ሸዋጌጥ በጥሞና አየቻት። "ለማን?"

"ለቅጠል።"

"እሺ። አንዱ ለሆድ ቁርጠት ይለኛል፣ አንዱ ለጉንፋን። ለቅጠል ሲባል ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።"

"እውነቴን ነው እኮ! የቡና ቅጠል ልቀቅልበት ነው።"

"እኔ ምን አልኩ? እኔ በጌሾ ቅጠል እጀምረዋለሁ፣ አንቺ በቡና ቅጠል ጨርሺው።"

"ከባዱን ስጪኝ። ውሃ የበዛበት አይሆንም።"

"ለጀማሪ?" አለች ሸዋጌጥ። ግን ቀዳችላት፤ ዳግመኛ የወጣውን፣ ክብሪት ቢነካው የሚነደውን። ጠርሙሱንም በጨርቅ ጠቅልላ ዘንቢሉ ሥር አስተኛችላት። "አይዞሽ፣ እኔ ወሬ አላወጣም" አለቻት። አላወጣችምም። ክዳኑ ግን ላላ።

ባጃጅ ውስጥ ሽታው ሞላ። ነጂው ጂሩ ነበር፤ የመዘምራኑ ከበሮ መቺ።

"አዴ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ሳይንስ ነው። መንገድህን እይ!"

ከመሸ በኋላ የመዘምራኑ ቴሌግራም ላይ ስለ ኢቢሴ የጸሎት ርእስ ወጣ። በነጋታው ሁለት ሽማግሌዎች "ስለ ችግርሽ" ሊያጽናኗት መጡ፤ በየተራ ጎንበስ እያሉ ትንፋሿን አሸተቱ። "እሑድ ኑና እዩ" ከማለት በቀር ምንም አላለቻቸውም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ሞላ። ለልማት ስብሰባ ሲጠሩ እግራቸውን የሚያማቸው ሁሉ ድነው መጡ። ጉደታም መጣ። ጫንያለው ገና ለጋ የሆነ አንድ አንድ ቅጠል ከሁለቱም ወገን ቆረጠ፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የመጣውን እንዳይምታታ ጫፉን ቀደደው። መጀመሪያ በፈላ ውሃ ነከራቸው። ከዚያ ድስቱን ከከሰሉ ላይ አውርዶ አራቀና፣ አረቄ የያዘውን ብርጭቆ ትኩስ ውሃው ውስጥ አቆመው። "አልኮል እሳት ይስባል፤ አትጠጉ" አለ። ሰው ግን ተጠጋ፤ የተጠጋው ለሳይንስ መሆኑን እግዚአብሔር ያውቃል።

ጊዜ ወሰደ። ውሃው ሲበርድ እየለወጠ፣ አረቄውንም አንዴ ቀየረ። ቀስ በቀስ አረቄው አረንጓዴ ሆነ፤ ቅጠሎቹ ነጡ።

"አረቄው ሁሉን ነገር እንደሚገፍ ይኸው" አለ አንድ ሽማግሌ፣ ትምህርት እንዳገኘ ሰው።

ጫንያለው ቅጠሎቹን አጥቦ ሳህን ላይ ዘረጋቸው። ከጤና ጣቢያ ያመጣውን የቁስል አዮዲን ጠብ ጠብ አደረገባቸው። የጣሪያው ሥር ቅጠል ቡናማ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ጫፉ የተቀደደው ግን ጠየመ፤ ጥቂት ቆይቶ ቀለም እንደተደፋበት ጠቆረ።

ፈየራ እጃቸውን አነሡ። "ጌታ ይመስገን! አያችሁ? የሽንት ቤቱ ተበላሸ! የእኛው እንደጠዳ ነው!"

ሁለት ሰዎች አጨበጨቡ።

"ኦቦ ፈየራ፣ የጠቆረው ነው የጠገበው" አለ ጫንያለው።

"መጥቆር ጥጋብ ነው የሚባለው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ኢቢሴ ወደ ፈየራ ጠጋ አለች። ፈየራ ከቁርስ ተርፏቸው በግራ እጃቸው የያዙትን ዳቦ ወሰደችና ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። "እስቲ በዚህ ላይ" አለችው መምህሩን። አዮዲኑ ጠብ አለ። የፈየራ ዳቦ ልክ እንደ ቅጠሉ ጠቆረ።

"ይሄ ምግብ ነው ወይስ አይደለም፣ ኦቦ?"

ፈየራ ዳቦውን አዩ፤ ቅጠሉን አዩ። እስካሁን በልተውት ነበርና አይደለም ማለት አልተቻላቸውም።

"ምግብ ነው" አሉ በቀስታ።

"ልጆቼ እንግዲህ" አለች ኢቢሴ ወደ ጣሪያው እያመለከተች፤ ችግኞቹን ማለቷ ነው፣ "እዚያ ውስጥ ጾማቸውን ነው የከረሙት።"  ያን ጊዜ የሣቀ የለም።

ከዚያ በኋላ መሰላል ለመያዝ ሰው ተሻማ። ጫንያለው "በአንዴ ፀሐይ አታሳዩዋቸው፣ ይቃጠላሉ" እያለ ይጮህ ነበር። ሴቶቹ ግን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ሣሩን አጭደው፣ ጂሩ በባጃጁ ቀርከሃ አምጥቶ፣ የጥጃ ማሰሪያ የተባለው ዳስ ተመልሶ ቆመ። ሽማግሌዎቹም ስለ አረቄው ዳግም አልጠየቁም፤ አንዱ ብቻ "የተረፈው የት ደረሰ?" አለና ሰው ሲያየው ወደ መሰላሉ ሄደ።

ከችግኞቹ ያልዳኑ አሉ። የዳኑት ግን ቀስ እያሉ አንገታቸውን አቀኑ፤ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ ከሽንት ቤት ጀርባ የነበሩትም በክብር ፊት ለፊት ተሰለፉ። ክረምት ሲገባ ባለሙያው በቦት ጫማ መጣ። ግንዱን በጣቱ ጨበጥ አደረገ፣ ሥሩን አየ፣ "ደርሰዋል፤ መሬቷ ትቀጥላለች" አለ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ከአስፋልቱ ማዶ መኪና ቆመ። ፈየራም ንግግር አደረጉ፤ "ኮሚቴያችን ባደረገው ሰፊ ጥናት የተፈጥሮ ሣር ጣሪያ…" አሉ። ኢቢሴ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበችላቸው፤ መሬት ያገኘ ሰው ጭብጨባ አይሰስትም።

በማግስቱ ከዚያው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ከነበሩት ወፍራሙን መርጣ ባኬ ጃማ ወረደች፤ ለሸዋጌጥ። ጂሩ ባጃጁን አቁሞ "አዴ፣ እንደገና?" ሲላት፣ "አዎ፣ እንደገና!" ብላው ችግኙን ከፍ አድርጋ በጠራራ ፀሐይ አለፈች።

ስትመለስ ጉደታ አጥሩ ጋ ቆሞ አገኘችው። ሜትሩ ኪሱ ውስጥ ነበር።

"ኢቢሴ" አለ እያፈረ፣ "ከወንዙ በኩል ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ለላቫጆው። ያ አረንጓዴ ጣሪያ… ካልፈለጋችሁት…"

አጥሩ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠውን አየችው፤ ከነሪባኑ ቁራጭ።

"ውሰደው" አለችው። "መኪና ብርሃን አይበላም።"